ስታይንዌይና ልጆቹ፦ በሁለት አገር ላይ የቆመ የቤተሰብ ድርጅት

ስታይንዌይ ኤንድ ሰንስ የተባለው የፒያኖ ድርጅት የተቋቋመው ማርች 5 ቀን 1853 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ቫሪክ በሚባለው ጎዳና ላይ በሚገኝ አንድ የኪራይ ቤት ውስጥ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መሥራቹ የ56 ዓመት ጎልማሳ ሲሆኑ፣ ከጀርመን ተሰደው አሜሪካ ከገቡ ገና ሦስት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ድርጅቱ ለ119 ዓመታት በአንድ ቤተሰብ እጅ፣ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ ከቆየ በኋላ በ1972 ተሸጠ። ቤተሰቡ ከባለቤትነት ቢወጣም ፋብሪካዎቹ ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው።

ይህ ጥናት ድርጅቱ እንዴት እንደቆመ፣ አራት ትውልድ እንዴት እንደዘለቀ እና ቤተሰቡ ለምን እንደለቀቀው ይመረምራል። በእኔ እምነት የዚህ ቤተሰብ ጥንካሬ ዋናው ምንጭ ትቶት ከመጣው አገር ጋር የነበረውን የሥራ ግንኙነት ፈጽሞ አለማቋረጡ ነው። ጀርመን የቀረው ልጅ፣ በሁለቱ አገሮች መካከል የተመላለሰው ደብዳቤ፣ በኋላም ሃምቡርግ ላይ የተከፈተው ሁለተኛ ፋብሪካ የድርጅቱ ምሰሶዎች ነበሩ። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ቤተሰቡን ፍርድ ቤት ያቆመው ክርክርም የተነሣው ከዚያው ትተውት ከመጡት ወርክሾፕ ነው።

ከስደት በፊት

ሃይንሪሽ ኤንገልሃርድ ሽታይንቬግ በ1797 በጀርመን ሃርዝ ተራሮች አካባቢ በምትገኘው የቮልፍስሃገን መንደር ተወለዱ። ወላጆቻቸውን በልጅነታቸው ያጡ ሲሆን፣ ዘመኑ የናፖሊዮን ጦርነቶች ዘመን ስለነበር ወጣትነታቸው በውትድርና አለፈ። ከዚያ መልስ የእንጨት ሥራ ተማሩ፤ ዜዘን በምትባል ትንሽ ከተማም ጎጆ ወጥተው የቤት ዕቃና የሙዚቃ መሣሪያ መሥራት ጀመሩ። በ1836 ገደማ በቤታቸው ኩሽና ውስጥ የሠሩት ፒያኖ እስካሁን «የኩሽናው ፒያኖ» እየተባለ ይጠራል። በ1839 ብራውንሽቫይግ ከተማ በተካሄደ ኤግዚቢሽን ላይ ሥራዎቻቸውን አቅርበው ተሸለሙ።

እንግዲህ ሃይንሪሽ አሜሪካ የገቡት ሙያ ፍለጋ አይደለም፤ ሙያው ቀድሞ እጃቸው ላይ ነበረ። ዜዘን ሳሉ 482 ፒያኖዎችን ሠርተዋል። ኒው ዮርክ ላይ በአዲሱ ድርጅት ስም ሠርተው በ500 ዶላር ለአንድ የከተማው ቤተሰብ የሸጡት የመጀመሪያው ፒያኖ የተሰጠው ተራ ቁጥርም «1» ሳይሆን 483 ነው። አዲስ አገር ገብቶ አዲስ ስም ያወጣ ሰው መዝገቡንም እንደ አዲስ ቢጀምር ማንም አይፈርድበትም ነበር። ሃይንሪሽ ግን የቀድሞ ሥራቸውን እንደ መነሻ ገንዘብ ቆጥረው ይዘውት ተሻገሩ፤ ቁጥሩ ገዢውን የሚነግረው ይህ ሰው በሙያው ጀማሪ አለመሆኑን ነው።

ለስደት ያበቃቸው የ1848ቱ አብዮት ያስከተለው የፖለቲካ ትርምስና የገበያው መቀዛቀዝ ነው። በ1849 ሁለተኛው ወንድ ልጅ ካርል፣ በኋላ ቻርልስ የተባለው፣ ቀድሞ ኒው ዮርክ ገብቶ ሁኔታውን አጣራ። በ1850 ወላጆቹና የቀሩት ልጆች ሃምቡርግ ላይ በመርከብ ተሳፍረው በጁን ወር መጨረሻ ኒው ዮርክ ደረሱ። የመጀመሪያው ልጅ ቴዎዶር ብቻ ወርክሾፑን ይዞ ጀርመን ቀረ። ቤተሰቡ አሜሪካ ባይሳካለት የሚመለስበት ቤት እንዲኖረው ታስቦ ሊሆን ይችላል፤ ቴዎዶርም ቢሆን በኋላ ሕይወቱ እንደታየው አሜሪካን የሚወድ ሰው አልነበረም። ምክንያቱ የትኛውም ይሁን፣ ይህ ውሳኔ የድርጅቱን ዕጣ ከወሰኑት ነገሮች አንዱ ሆነ።

የቅጥር ሦስት ዓመታት

አባትና ልጆች ኒው ዮርክ እንደገቡ የራሳቸውን ወርክሾፕ አልከፈቱም። በተለያዩ ፒያኖ ሠሪዎች ዘንድ ተበታትነው ተቀጠሩ። በአገሩ ስሙ የታወቀና የተሸለመ ባለሙያ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ሰው ቤት ተቀጥሮ በሳምንት ደመወዝ ማደሩ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ከድርጅቱ ታሪክ ውስጥ ብልህ ውሳኔ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው።

ለምን ቢባል፣ የአሜሪካ ገበያና የአሜሪካ አየር ከጀርመኑ ይለያል። በአሜሪካ ቤቶች ክረምት ላይ ምድጃ በኃይል ስለሚነድ የቤቱ አየር ይደርቃል፤ በጋው ደግሞ እርጥብ ነው። ከእንጨት ብቻ የተሠራ የአውሮፓ ፒያኖ በዚህ ሁኔታ ይሰነጠቃል፣ ቅኝቱም አይጸናም። የቦስተን ሠሪዎች፣ በተለይ ቺከሪንግ የተባለው ድርጅት፣ ለዚህ መፍትሔ ይሆን ዘንድ ክሮቹን የሚሸከም ወጥ የብረት ማዕቀፍ መጠቀም ጀምረው ነበር። የአሜሪካ ቤተሰብ የሚገዛው ደግሞ በአብዛኛው ለሳሎን የሚስማማውን አራት ማዕዘን ፒያኖ ነበር። ይህንን ሁሉ እያንዳንዱ ልጅ በተቀጠረበት ወርክሾፕ በዓይኑ አየ፣ በእጁም ሠራው። ያየውን ማታ ለአባቱና ለወንድሞቹ ሲያካፍል፣ ቤተሰቡ በአንድ ጊዜ የበርካታ ተፎካካሪዎችን አሠራር የማወቅ ዕድል አገኘ።

በ1853 የራሳቸውን ሥራ ሲጀምሩ ስማቸውን በእንግሊዝኛ አጠራር «ስታይንዌይ» አሉት፤ ስሙ በሕግ የጸናው ግን ከዓመታት በኋላ በ1864 ነው። ሥራውን አባትና ልጆች ተከፋፈሉት። ሄንሪ የሚባለው ልጅ የፈጠራ ሰው ሆነ፤ ቻርልስ የፋብሪካውን አስተዳደር ያዘ፤ ዊሊያም እንግሊዝኛውን አቀላጥፎ ስለሚናገርና ከሰው ጋር መግባባት ስለሚችልበት ወደ ሽያጩ ዘለቀ። ከሴቶቹ ልጆች ትልቋ ዶሬታ ሽያጭ ላይ ትሠራ እንደነበርና ሊገዛ መጥቶ ለሚያመነታ ሰው ፒያኖውን ከገዛ በነጻ እንደምታስተምረው ቃል ትገባ እንደነበር ይነገርላታል። በድርጅቱ ስም ላይ የተጻፈው «ወንዶች ልጆቹ» የሚል ቢሆንም የእሷ ድርሻ ሊዘነጋ አይገባም።

ብረቱ፣ ክሩና እንጨቱ

በ1855 በኒው ዮርክ ክሪስታል ፓላስ በተካሄደው ኤግዚቢሽን ላይ የስታይንዌይ ፒያኖ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። አዲስነቱ ሁለት ነገሮችን ማጣመሩ ነበር። የመጀመሪያው ወጥ የብረት ማዕቀፍ ነው። ሁለተኛው የክሮቹ አዘረጋግ ነው፤ በተለመደው ፒያኖ ክሮቹ ሁሉ ጎን ለጎን የሚዘረጉ ሲሆን፣ በዚህኛው ግን ወፍራም ድምፅ የሚሰጡት ክሮች በሌሎቹ ላይ በሰያፍ ይሻገራሉ። ክሮቹ በሰያፍ ሲሻገሩ በዚያው ሳጥን ውስጥ ረዘም ማለት ይችላሉ፤ ከዚህም በላይ ንዝረታቸው የሚያርፈው ድምፁን በሚያጎላው ስስ ሰሌዳ ጠርዝ ላይ ሳይሆን ወደ መካከሉ ቀረብ ብሎ ነው። ድምፁ ሞላ ያለና ረጅም ርቀት የሚሰማ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሄንሪ ይህንኑ አሠራር ለትልቁ የመድረክ ፒያኖ አስማምቶ በዲሴምበር 1859 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ዛሬ በየትኛውም ዓለም የሚሠራ የመድረክ ፒያኖ ከሞላ ጎደል ይህንን አሠራር ይከተላል።

በ1860 ድርጅቱ ከኪራይ ቤት ወጥቶ በአራተኛው አቬኑ፣ ዛሬ ፓርክ አቬኑ በሚባለው ላይ፣ በ52ኛውና በ53ኛው ጎዳናዎች መካከል ትልቅ ፋብሪካ ሠራ። በወቅቱ 350 ያህል ሠራተኞች ነበሩት። ቫሪክ ጎዳና ላይ ከተጀመረ ሰባት ዓመት ብቻ መሆኑ ነው።

በእነዚህ ዓመታት ሄንሪ ኒው ዮርክ ላይ የሚሞክራቸውን ነገሮች በጀርመንኛ ደብዳቤ እየጻፈ ለወንድሙ ለቴዎዶር ይልክ ነበር። ቴዎዶርም ብራውንሽቫይግ ውስጥ ከፍሪድሪሽ ግሮትሪያን ጋር ሽርክና ገብቶ በራሱ ስም ፒያኖ ይሠራ ስለነበር ሐሳቡን እያመዛዘነ ይመልስለታል። አንድን ሐሳብ በሁለት አየር፣ በሁለት ገበያ፣ በሁለት ወርክሾፕ የመፈተን ዕድል ያለው ሌላ ፒያኖ ሠሪ በዚያ ዘመን አላውቅም። ባሕር ለያይቷቸው የነበሩት ወንድማማቾች በሥራ ግን ጎረቤታሞች ነበሩ።

መርዶው ባንድ ወር

በማርች 1865 ቤተሰቡ ላይ ከባድ ሐዘን ወረደ። ሄንሪ በዚያ ወር በሳንባ ነቀርሳ ኒው ዮርክ ላይ ዐረፈ፤ ገና 34 ዓመቱ ነበር። ቻርልስ ደግሞ ወደ ጀርመን ሄዶ ሳለ በዚያው ወር መጨረሻ ብራውንሽቫይግ ላይ በታይፎይድ ሞተ። የፈጠራው ሰውና የፋብሪካው ሰው በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ አለፉ። አባትየው የ68 ዓመት አዛውንት ነበሩ፤ ሥራው በእጁ የቀረው ዊሊያም ገና ሠላሳ ዓመት መሙላቱ ነበር።

ብዙ የቤተሰብ ድርጅት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ስታይንዌይን ያተረፈው ጀርመን የቀረው ልጅ ነው። ቴዎዶር የብራውንሽቫይጉን ድርጅቱን ለሟቹ ሸሪኩ ልጅ ለቪልሄልም ግሮትሪያንና ለሁለት ባልደረቦቹ ሸጦ በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ገባ። ገዢዎቹ «የቴዎዶር ሽታይንቬግ ተተኪዎች» በሚል ስም መነገዳቸውን ቀጠሉ። ያን ጊዜ ቤተሰቡን ያስጨነቀው የወንድሞቹ ሞትና የሥራው መቆም ስለነበር ይህ ስም ወደፊት ምን እንደሚያስከትል ያሰበበት ሰው ያለ አይመስልም።

ቴዎዶር ከወንድሞቹ ሁሉ ይልቅ የተመራማሪ ጠባይ ነበረው። የድምፅን ተፈጥሮ ካጠናው ዕውቅ የጀርመን ሳይንቲስት ከሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ጋር ይጻጻፍ ነበር፤ አባቱ በጆሮና በእጅ ያወቁትን እሱ በስሌት ሊያስረዳ ይጥር ነበር። በስሙ ከ40 በላይ የፈጠራ መብቶችን አስመዝግቧል። ከእነዚህ ውስጥ በ1880 ያስመዘገበው የፒያኖውን ጎን የሚመለከት ነው። ከዚያ በፊት የትልቁ ፒያኖ ጎን ከተቆራረጡ እንጨቶች በመጋጠም ይሠራ ነበር። በቴዎዶር ዘዴ ግን ሜፕል ከሚባል ጠንካራ እንጨት የተሰነጠቁ ስስ ንጣፎች በሙጫ ተደራርበው፣ ለትልቁ የመድረክ ፒያኖ እስከ 18 ድርብ ሆነው፣ ሙጫው ሳይደርቅ በአንድ ጊዜ በብረት ማጠፊያ ዙሪያ ይታጠፋሉ። በኒው ዮርክ ከተማ አስቶሪያ በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ፋብሪካ እስከ ዛሬ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ስድስት ያህል ሠራተኞች ከስድስት ሜትር በላይ የሚረዝመውን ንጣፍ በትከሻቸው ተሸክመው ያመጡና እየገፉ፣ እየጠመዘዙ፣ እያጠበቁ ቅርጹን ያስይዙታል። ሙጫው ከመድረቁ በፊት መጨረስ ስላለባቸው ሥራው የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ግን እንጨቱ ለሳምንታት እንዲያርፍ ይተዋል። አንድ ትልቅ ፒያኖ ከ12,000 በላይ ክፍሎች አሉት፤ ለማጠናቀቅም ወደ አንድ ዓመት ይፈጃል።

ዊሊያም

አባትየው በ1871 ሲያርፉ ሥራው በቴዎዶርና በዊሊያም ትከሻ ላይ ነበር። ሁለቱ በጠባይ አይገጣጠሙም። ቴዎዶር ብቸኝነትን የሚወድ፣ አሜሪካን የሚያማርር፣ ባገኘው አጋጣሚ ወደ ብራውንሽቫይግ የሚመለስ ሰው ነበር፤ በኋላም ጠቅልሎ ሄዶ በ1889 እዚያው ሞተ። ዊሊያም ኒው ዮርክን የራሱ አገር አድርጓት ነበር። ከ1861 ጀምሮ እስከ ሞተበት 1896 ድረስ ማስታወሻ ይይዝ ነበር፤ ስለ ገበያው፣ ስለ ሠራተኞቹ፣ ስለ ልጆቹና ስለ ሕመሙ የጻፈባቸው እነዚያ ደብተሮች ዛሬ በስሚዝሶኒያን ተቋም ይገኛሉ። አንድን የስደተኛ ድርጅት ከውስጥ ሆኖ ለማየት ከዚህ የሚበልጥ ሰነድ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ዊሊያም የተረዳው ትልቅ ነገር ፒያኖ የሚሸጠው በሚጫወተው ሰው ክብር መሆኑን ነው። በ1866 በ14ኛው ጎዳና ከ2,000 በላይ ሰው የሚይዝ ስታይንዌይ ሆል የተባለ የሙዚቃ አዳራሽ አስገነባ። ወደ አዳራሹ የሚገባ ሰው በፒያኖ መሸጫው ክፍሎች በኩል ማለፍ ግድ ይለው ነበር። አዳራሹ በዘመኑ ከኒው ዮርክ ዋና ዋና የሙዚቃ መድረኮች አንዱ ነበር። በ1867 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ስታይንዌይም ቺከሪንግም የወርቅ ሜዳሊያ ሲሸለሙ፣ ሁለቱም «ቀዳሚው እኔ ነኝ» እያሉ በጋዜጣ ማስታወቂያ ተከራከሩ። ይበልጥ ዘላቂ የሆነው ውጤት ግን የአውሮፓ ፒያኖ ሠሪዎች ከዚያ በኋላ የብረቱን ማዕቀፍና የሚሻገሩትን ክሮች መቅዳት መጀመራቸው ነው። በ1872 ደግሞ ድርጅቱ ታላቁን ሩሲያዊ ፒያኒስት አንቶን ሩቢንስታይንን አስመጣ፤ በ239 ቀናት ውስጥ 215 ኮንሰርቶች አቀረበ። ፒያኖዎቹም እሱ በሄደበት ሁሉ አብረው ተጓዙ። ስታይንዌይ የሚለውን ስም ከኒው ዮርክ ርቆ በሚገኝ የአሜሪካ ከተማ ለሚኖር ሰው ያስተዋወቀው ይህ ጉዞ ነው።

ከ1870 ጀምሮ ዊሊያም ከኢስት ሪቨር ወንዝ ማዶ፣ በኩዊንስ፣ 400 ኤከር ያህል መሬት ገዛ። በከተማው ውስጥ የሥራ ማቆም አድማ ተደጋግሞ ነበር፤ በ1872 ሠራተኞች የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ጠይቀው ያደረጉት አድማ ደግሞ ፋብሪካውን ከከተማው የማውጣቱን ሐሳብ አጠናከረው። በተገዛው መሬት ላይ የእንጨት መሰንጠቂያና የብረት ማቅለጫ ተተከለ፤ ለሠራተኞች ቤቶች፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። የሠራተኞቹ ልጆች ጀርመንኛ ይማሩ ነበር። ይህን መንደር ብዙዎች እንደ በጎ አድራጎት ብቻ ያወሩታል፤ እንደ ጭቆና ብቻ የሚያዩትም አሉ። ሁለቱም ጎዶሎ ናቸው። ዊሊያም ሠራተኛው ሰው የሚኖርበት ቤት እንዲያገኝ ከልቡ ይፈልግ ነበር፤ ያንኑ ያህል ደግሞ ሠራተኛው ከከተማው ማኅበራት እንዲርቅ ይፈልግ ነበር።

በ1880 ሁለቱ ወንድማማቾች ሃምቡርግ ላይ ፋብሪካ ከፈቱ። የአውሮፓ ቀረጥና የማጓጓዣው ወጪ ከባድ ስለነበር፣ የጀርመን ደመወዝም ዝቅ ያለ ስለነበር ውሳኔው የሒሳብ ውሳኔ ነው። መጀመሪያ ላይ ክፍሎቹ ከኒው ዮርክ እየተጫኑ ሃምቡርግ ላይ ይገጣጠሙ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ሃምቡርግ ራሱን ችሎ መሥራት ጀመረ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ቤተሰቡ በስደት የተሳፈረበት ወደብ አሁን የድርጅቱ ሁለተኛ መቀመጫ ሆነ።

የዊሊያም ድካም ጎንም መነገር አለበት። የፈረስ ትራም መስመሮች፣ የመዝናኛ ሥፍራ፣ በ1888 ከጎትሊብ ዳይምለር ጋር የጀመረው የሞተር ንግድ፣ በኢስት ሪቨር ሥር የሚያልፍ ዋሻ፤ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጀምሯል። ዋሻው በ1892 ፍንዳታ ደርሶበት ቆመ፤ በሌሎች እጅ የተጠናቀቀው እሱ ከሞተ በኋላ ነው፤ ዛሬ የኒው ዮርክ 7 ቁጥር ባቡር ይመላለስበታል። ለከተማዋ የተረፈው ጥቅም ትልቅ ነው። ለቤተሰቡ ግን ዊሊያም ሲሞት የተገኘው ውርስ በዕዳ የተጨናነቀ ነበር። ድርጅቱ በ1876 ወደ አክሲዮን ማኅበርነት ተቀይሮ አክሲዮኑ በዘመዳሞች መካከል ተከፋፍሎ ስለነበር ጉዳዩ የዊሊያም የግል ጉዳይ ብቻ አልሆነም። ባለአክሲዮን የነበረው የወንድሙ የቻርልስ ልጅ የድርጅቱን የሒሳብ መዛግብት ልመርምር ብሎ ከሰሰ፤ በ1899 የኒው ዮርክ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፈቀደለት። የአሜሪካ የሕግ ተማሪዎች ስለ ባለአክሲዮን መብት ሲማሩ ይህንን ጉዳይ ያገኙታል። ለእኔ የሚያሳየኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በአንድ ማዕድ የበሉ ዘመዳሞች ሒሳብ ለመተያየት ዳኛ ያስፈለጋቸው ገና ከአባትየው ሞት ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ ነው።

ረጅሙ መካከለኛ ዘመን

ከዊሊያም በኋላ የቻርልስ ልጆች፣ ከዚያም የዊሊያም ልጅ ቴዎዶር ኢ. ድርጅቱን በየተራ መሩት። በ1926 ሽያጩ ከ6,000 ፒያኖዎች አለፈ። ከዚያ ግን ራዲዮው መጣ፤ ተከትሎም ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ፤ ፋብሪካው ለጊዜው ሥራ እስከ ማቆም ደረሰ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ብረትና መዳብ ለጦርነቱ ስለፈለጋቸው ፒያኖ መሥራትን ገደበ፤ የኩዊንሱ ፋብሪካ ወታደር የሚያጓጉዙ ሞተር አልባ አውሮፕላኖችን ክፍሎች ይሠራ ጀመር። ለጦር ሠራዊቱም በወታደር ቀለም የተቀቡ ከ2,000 በላይ ትንንሽ ፒያኖዎች ሠራ። በዚያው ጊዜ ሃምቡርግ ያለው ፋብሪካ በጀርመን መንግሥት ዘንድ የጠላት ንብረት ተብሎ ተያዘ፣ ከተማዋ በአየር ስትደበደብም ጉዳት ደረሰበት። ሁለት አገር ላይ መቆም በሰላም ጊዜ የሰጠውን ጥቅም ያህል በጦርነት ጊዜ ዋጋ አስከፍሏል።

በ1955 ፕሬዚዳንት የሆኑት ሄንሪ ዚ. ስታይንዌይ የመሥራቹ የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው። የተረከቡት ስመ ጥር ግን በገንዘብ የተዳከመ ድርጅት ነበር። የተበታተኑትን የኩዊንስ ሕንፃዎች ሸጠው ሥራውን አንድ ቦታ ሰበሰቡ፤ በ57ኛው ጎዳና የሚገኘውን የድርጅቱን ሕንፃም ሸጠው ተከራዩት።

በእሳቸው ዘመን የተደረገ አንድ የቴክኒክ ውሳኔ ለብቻው መታየት ያስፈልገዋል። በፒያኖ ውስጥ ቁልፉን ከመዶሻው ጋር የሚያገናኙት ትንንሽ የእንጨት ክፍሎች የሚንቀሳቀሱት በሱፍ ጨርቅ በተሸፈነ ቀዳዳ ውስጥ ባለ ስስ የብረት ዘንግ ላይ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኒው ዮርኩ ፋብሪካ ጨርቁን ቴፍሎን በተባለ የፕላስቲክ ዓይነት ተካው። ቴፍሎን አያረጅም፣ ብል አይበላውም ተብሎ ነበር። ሆኖም እንጨት በእርጥበት ሲያብጥና ሲደርቅ ሲኮማተር ቴፍሎን አብሮ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ መካከላቸው ክፍተት እየተፈጠረ ፒያኖው ሲመታ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማ ጀመር። ሃምቡርግ ግን አዲሱን ዘዴ አልቀበልም ብሎ በጨርቁ ጸና። ኒው ዮርክ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ጨርቁ ተመለሰ። ይህ ስህተት ብዙ ጊዜ ከቤተሰቡ በኋላ በመጣው ባለቤት ሲላከክ ይሰማል፤ የተጀመረው ግን በቤተሰቡ ጊዜ ነው፣ እውነቱ በትክክል ሊነገር ይገባዋል። ስህተት መሆኑንም በየዕለቱ ሊያሳይ የሚችል ምስክር የነበረው እዚያው ድርጅት ውስጥ፣ ማዶ አገር ነው። ቴዎዶርና ሄንሪ በደብዳቤ ይደራረጉት የነበረው መተራረም መቶ ዓመት ቆይቶ በሁለት ፋብሪካዎች መካከል ቀጠለ ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ የዚያን ጊዜዎቹ ወንድማማቾች ቶሎ መደማመጣቸው ነው።

ክርክሩና ሽያጩ

በ1865 ቴዎዶር የሸጠው የብራውንሽቫይጉ ወርክሾፕ «ግሮትሪያን-ሽታይንቬግ» በሚል ስም ጥሩ ፒያኖ የሚሠራ ድርጅት ሆኖ አድጎ ነበር። በዚህ ስም አሜሪካ ገብቶ መሸጥ ሲፈልግ ስታይንዌይ ተቃወመ፤ ጉዳዩ ኒው ዮርክ ወደሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደ። በ1973 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት፣ በ1975 ደግሞ ይግባኝ ሰሚው ለስታይንዌይ ፈረዱ። ፍርድ ቤቱ ገዢው በመጨረሻ የትኛውን እንደሚገዛ ያውቅ ይሆናል፣ ቢሆንም ስሙን ሲሰማ ሁለቱ ዝምድና ያላቸው መስሎት ወደ መደብሩ ሊሳብ ይችላል የሚለውን መከራከሪያ ተቀበለ፤ ይህም በንግድ ምልክት ሕግ ውስጥ በስፋት የሚጠቀስ ፍርድ ሆነ። ስሙ የሃይንሪሽ የራሳቸው የቀድሞ ስም መሆኑን፣ የሸጠውም ልጃቸው መሆኑን ልብ ይሏል። ድርጅቱ አሸነፈ፤ ነገር ግን ለዓመታት የቆየው ክርክር በገንዘብ ለተዳከመ ቤት ቀላል ሸክም አልነበረም።

ፍርዱ ሲሰጥ ግን ባለቤቱ ተቀይሯል። በ1972 ቤተሰቡ ድርጅቱን በ20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሚገመት አክሲዮን ሲቢኤስ ለተባለው የብሮድካስት ኩባንያ ሸጠ። ምክንያቶቹ ተደራራቢ ናቸው። የጃፓኑ ያማሃ ጥሩ ፒያኖ በዝቅተኛ ዋጋ ያቀርብ ነበር፤ ፋብሪካው አርጅቶ አዲስ ገንዘብ ይፈልግ ነበር፤ አክሲዮኑ በብዙ የአጎትና የአክስት ልጆች እጅ ተበትኖ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ፋብሪካው ውስጥ ሠርተው አያውቁም፤ የሚያገኙት ትርፍ ትንሽ ነው፤ በቀጣዩ ትውልድ ውስጥም ኃላፊነቱን ልረከብ የሚል አልነበረም። ሄንሪ ዚ. ሽያጩን ያስፈጸሙት ልባቸው እያዘነ መሆኑ አይጠረጠርም። ቢሆንም ሥራው ከሚጎዳ ባለቤትነቱ ይቅር ማለታቸው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። እስከ 1977 በፕሬዚዳንትነት ቆይተው የስታይንዌይ ስም ያላቸው የመጨረሻው ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ2008 በ93 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስም ከድርጅቱ አልራቁም።

ሲቢኤስ በ1985 ድርጅቱን ለቦስተን ባለሀብቶች ሸጠ፤ እነሱም በ1995 ሴልመር ለተባለው የመሣሪያ ኩባንያ አስተላለፉት፤ በ1996 የተጣመረው ኩባንያ አክሲዮኑ በገበያ መሸጥ ጀመረ። በ2013 ጆን ፖልሰን የተባሉ ባለሀብት ያቋቋሙት ድርጅት በ512 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ይህንን አኃዝ ከ1972ቱ 20 ሚሊዮን ጋር እያነጻጸሩ ቤተሰቡ በርካሽ ሸጠ የሚሉ አሉ። ንጽጽሩ አይጸናም። በ2013 የተሸጠው ፒያኖውን ብቻ ሳይሆን መለከት፣ ሳክስፎንና ሌሎች የሙዚቃ ጓድ መሣሪያዎችን የሚሠሩ ፋብሪካዎችን ያካተተ ኩባንያ ነበር፤ በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ የዶላር የመግዛት አቅምም እጅግ ወርዷል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በ1972 ገዢ ፍለጋ የወጣው ፋብሪካው ያረጀ፣ ክስ ላይ ያለ፣ ተረካቢ የሌለው ቤት ነበር፤ የሽያጩ ዋጋ መመዘን ያለበት ድርጅቱ በዚያ ዓመት በነበረበት ሁኔታ ነው።